ጡረታ፣ ሴፍቲኔት ወይስ ቀለብ? ገቢያቸው የማይበቃ አረጋውያን የትኛውን በር ያስቀድሙ

ባለፈው ክረምት አክስቴን ይዤ መሀል አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። 73 ዓመቷ ነው። ወረቀቶቿን በስስ ፌስታል ጠቅልላ፣ ፌስታሉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛለች። የነዋሪነት መታወቂያ፣ ጠርዙ የተበላ የጋብቻ ወረቀት፣ የቀበሌ ቤት የኪራይ ደረሰኞች፣ የሟች ባሏ የጡረታ መታወቂያ፣ ሁሉም አለ። ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ስንላክ ረፈደ። ምሳ ሰዓት ላይ የሰማነው መልስ «የሴፍቲኔት ምዝገባ አሁን የለም» የሚል ብቻ ነበር። ምንም ሳትናገር ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ማታ ቤት ገብተን ፌስታሉን ፈታሁና ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየሁ። የዋልንበት በር ከሁሉም አስቀድሞ የሚንኳኳ እንዳልነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ባሏ የመንግሥት ጡረተኛ ነበር፤ ከሞተ ዓመት አልፎታል። የሚስትነት ድርሻዋን ግን እሷም አልጠየቀችም፣ እኛም አላሰብነውም። ለቀስተኛው ሲበተን የጡረታው ነገርም አብሮ ተረሳ። ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ፌስታል በየቤቱ እንዳለ ስለማውቅ ነው። አረጋውያኑን ደግፈው ቢሮ ለቢሮ የሚሄዱ ልጆች፣ የልጅ ልጆችና ጎረቤቶች ያንብቡት።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በአገራችን ዕድሜው ለገፋ ሰው ሁሉ፣ ሠርቶ ይሁን ሳይሠራ፣ በየወሩ የሚከፈል የማኅበራዊ ጡረታ የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዝዛል። «አቅም በፈቀደ» የምትለው ቃል ግን ብዙ ነገር ትወስናለች። ስለዚህ ያሉት በሮች የተለያዩ ናቸው፣ ክብደታቸውም እኩል አይደለም። የጡረታ አበልና የተተኪ አበል፣ ማለትም ከሟች ጡረታ ለቤተሰቡ የሚተላለፈው ድርሻ፣ በሕግ የተሰሉ መብቶች ናቸው፤ መስፈርቱን ያሟላ ሰው ይጠይቃል፣ ይከፈለዋል። የከተማ ሴፍቲኔት ግን ሰው ተመርጦ የሚገባበት ድጋፍ ነው። በጀት አለው፣ ኮታ አለው፣ ዙር አለው። ቀለብ ደግሞ ከመንግሥት ሳይሆን ከቤተሰብ የሚጠየቅ መብት ነው። የእኔ ምክር በአጭሩ ይህ ነው፦ መብት የሆነውን ሳትጨርሱ ወደሚመረጥበት አትሂዱ።

የራስ ጡረታ፤ ትንሽ ነው ብላችሁ አትለፉት

የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ይተዳደራል። በመደበኛው መንገድ መጡሪያ ዕድሜው 60 ነው። ዕድሜ ልክ የሚከፈል አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። አበሉ የሚሰላው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ ይያዛል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 25 ዓመት ያገለገሉና አማካይ ደመወዛቸው 3,000 ብር የነበረ ሰው 48.75 በመቶ፣ ማለትም 1,462 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሳቸዋል ማለት ነው። ይህን ስሌት በቤታችሁ በእርሳስ ሥሩት። ውጤቱ ከሚከፈለው ጋር በሰፊው ከተራራቀ የጎደለ የአገልግሎት ዘመን ሊኖር ይችላል፤ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲዛወሩ ያልተላለፈ ማኅደር የተለመደ ችግር ነው።

ብዙ ሰው የሚከስረው 10 ዓመት ያልሞላለት መስሎት ነው። አገልግሎቱ ካልሞላ የሚሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ዳረጎት ነው፤ ተቀብለውት ያልቃል። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት ራሱ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ፕሮቪደንት ፈንድ (ሠራተኛውና ድርጅቱ የሚያዋጡት የቁጠባ ገንዘብ) የነበራቸውን ትተን፣ ከዚያ በፊት በግል ድርጅት የተሠራው ዘመን ለብዙዎች አልተቆጠረም። ይሁን እንጂ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተሰጠ አገልግሎትና በግል ድርጅት የተሰጠ አገልግሎት ይደመራሉ። አንዲት እናት በወጣትነታቸው ሰባት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጽዳት ሠርተው፣ በኋላ አምስት ዓመት በግል ፋብሪካ ቢሠሩ፣ ድምሩ 12 ዓመት ነው። አማካይ ደመወዛቸው 4,000 ብር ከነበረ 32.5 በመቶው 1,300 ብር በየወሩ፣ እስከ ዕድሜ ልክ ነው። ያንን የወጣትነት ሰባት ዓመት ማንም ካላነሳው ግን የአምስቱን ዓመት ዳረጎት ተቀብለው ወደ ቤት ይገባሉ። በዚህ በር ፊት የምመክረው ትልቁ ሥራ አረጋውያኑን አስቀምጦ የሥራ ታሪካቸውን ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ማናገር ነው። የት ተቀጠሩ? በማን ዘመን? ደብዳቤው የት ገባ? ቡና እየተጠጣ በአንድ ከሰዓት የሚወጣው መረጃ ያስደንቃል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ለጡረታ የሚያዘው ዕድሜ ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር በሕይወት ታሪክ ፎርም ላይ የሞላው ነው። በኋላ በመታወቂያ ላይ የተጻፈ ሌላ ዕድሜ ይህንን አይለውጠውም፤ ስለዚህ ጉልበትን በዚያ ክርክር አታባክኑ። ሁለተኛ፣ ስም። በመቀጠሪያ ደብዳቤው ላይ «ወልደ ሚካኤል» የነበረው አያት በመታወቂያው ላይ «ወ/ሚካኤል» ሆኖ ከመጣ፣ ወይም የአባት ስም ተለውጦ ከተገኘ፣ ጉዳዩ ይቆማል። ቢሮ ከመሄዳችሁ በፊት ሁሉንም ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ስሙን ፊደል በፊደል አስተያዩ።

የተተኪ አበል፤ ሳይጠየቅ የሚቀረው

ጡረተኛ ሲሞት፣ ወይም ለጡረታ የሚያበቃ አገልግሎት ያለው ሠራተኛ ሲሞት፣ አበሉ አብሮ አይቀበርም። ሕጉ «ተተኪ» ለሚላቸው ይተላለፋል። የሟች ሚስት ወይም ባል 50 በመቶ ድርሻ አላቸው። ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት ሌላ ድርሻም አለ፤ የወላጅ ነው። ኑሯቸው ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው በሟች ልጃቸው ላይ የተመሠረተ እናትና አባት እያንዳንዳቸው 15 በመቶ፣ ሌላ ተተኪ ከሌለ ደግሞ 20 በመቶ ያገኛሉ።

ልጃቸውን የቀበሩ እናት ስለ መቶኛ ማውራት እንደማይፈልጉ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ሌላ ሰው ሊያስብላቸው የሚገባው። ከአርባው በኋላ አንድ የቤተሰብ ሰው ይህንን ጉዳይ የራሱ አድርጎ ይያዘው፤ የሞት ምስክር ወረቀቱን በወቅቱ ያውጣ፣ ጋብቻው በወረቀት ካልተመዘገበ ማስረጃውን ያሰባስብ። ምስክሮች በሕይወት ሳሉ፣ ሳይበተኑ፣ ነገሩ ይቀላል። የኋላ ውዝፍ አበል ላይ የይርጋ ጊዜ ስላለ መዘግየት ገንዘብ ያሳጣል።

ተተኪ አበል ከራስ ጡረታ ጋር ሲነጻጸር መጠኑ ያንሳል። የ1,462 ብር ጡረታ ግማሹ 731 ብር ነው። ዛሬ ገበያ ወጥቶ ለተመለሰ ሰው ይህ ምን ያህል እንደማይበቃ መንገር አያስፈልግም። ቢሆንም በየወሩ የሚገባ፣ ማንም ኮሚቴ ተሰብስቦ የማይሰርዘው ገንዘብ ነው። ይህ እርግጠኝነት ራሱ ለአንድ አረጋዊ ትልቅ ነገር ነው።

የከተማ ሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ

ጡረታም ተተኪነትም ለሌላቸው ዋናው የመንግሥት በር ይህ ነው። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተጀመረ። ተጠቃሚዎቹን በሁለት ይከፍላል። መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤተሰብ በአካባቢ ልማት፣ እንደ ጽዳትና አረንጓዴ ልማት ባሉ ሥራዎች እየተሳተፈ ይከፈለዋል። መሥራት የሚችል ሰው የሌለበት ቤተሰብ፣ ማለትም አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና የቆየ ሕመም ያለባቸው፣ ሥራ ሳይጠየቁ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ገንዘቡ በባንክ ሒሳብ ይገባል።

እዚህ ጋር ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ነገር አለ። የሚታየው አረጋዊው ብቻቸውን ሳይሆኑ ቤተሰቡ ነው። አያት ከጎረምሳ የልጅ ልጃቸው ጋር በአንድ መዝገብ ከሰፈሩ ቤተሰቡ «መሥራት የሚችል አለው» ተብሎ ወደ ሥራው ክፍል ሊገባ ይችላል። ይህ ቅጣት አይደለም፤ ወጣቱ ከሠራ ገንዘቡ ለቤቱ ነው። ግን አስቀድማችሁ እወቁት፣ የቅሬታ ምክንያትም አታድርጉት።

የምርጫው አካሄድ ከጡረታ ጨርሶ ይለያል። ከቀጠናው ነዋሪዎች የተውጣጣ ኮሚቴ ችግረኛ የሚላቸውን ይለያል፤ የቤቱ ኑሮ፣ ያለው ንብረትና ገቢ ይታያል። ከዚያ የተመረጡት ስም ዝርዝር በይፋ ይለጠፋል፤ ቅሬታ ያለው ለቅሬታ ሰሚው ያቀርባል። አክስቴን «ምዝገባ የለም» ያሏት በሁለት ዙር መካከል ስለሄድን ነው። ይህ ማለት በሩ ተዘግቷል ማለት አይደለም። ዋናው ሥራ በዙሮች መካከል ባለው ጊዜ ነው፤ የቀጠናው ኮሚቴ አባላት እነማን እንደሆኑ ማወቅ፣ የአረጋዊው ኑሮ ምን እንደሚመስል ጎረቤት እንዲያውቅ ማድረግ፣ ስማቸው በወረዳው የነዋሪዎች መዝገብ መኖሩን ማረጋገጥ። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ደግሞ ሄዶ በዓይን ማየት። የቅሬታ ጊዜው አጭር በመሆኑ ከሳምንታት በኋላ የሚሰማ ሰው ዘግይቷል።

ትንሽ ጡረታ ያላቸው አረጋውያን «ጡረታ አለህ ይሉኛል» ብለው ይፈራሉ፤ አንዳንዶችም ለመደበቅ ያስባሉ። አትደብቁ። ኮሚቴው የሚመዝነው የኑሮውን ጠቅላላ ሁኔታ ነው፤ ትንሽ አበል ለሦስት ሰው ሲካፈል የሚያሳየው ችግር ራሱ ይናገራል። ተደብቆ በኋላ የተገኘ ገቢ ግን ከዝርዝር ያወጣል፤ ከጎረቤትም ያቀያይማል።

በመሀል ከተማ ላሉ ሰዎች አንድ ልዩ ነገር አለ። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ከፒያሳና ከካሳንቺስ በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ ነዋሪ ተነሥቶ ወደ ሌላ አካባቢ ሄዷል። አዲሱ ወረዳ ያላወቀው አረጋዊ በአዲሱም በአሮጌውም መዝገብ ላይ ሊጠፋ ይችላል። በተለይ ሠላሳ ዓመት የሚያውቃቸው የቀጠና ኮሚቴ ቀርቶ ማንም የማያውቃቸው የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ውስጥ ሲገቡ፣ ችግራቸው በዓይን የማይታይ ይሆናል። መሸኛ ማውጣትና በአዲሱ ወረዳ መመዝገብ የመጀመሪያ ሥራ ይሁን፤ ከዚያም ለቀጠናው ኮሚቴ ፊት ለፊት መተዋወቅ።

ቀለብ፤ የማይወደደው በር

ጧሪ ልጅ እያለ ወላጅ ሲቸገር ሕጉ ዝም አይልም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ችግር ላይ ወድቆ በራሱ ጉልበት መኖር ላልቻለ ሰው ከቅርብ ዘመዶቹ ቀለብ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ልጆች ቀዳሚ ናቸው፤ የልጅ ልጆችና ወንድም እህቶችም አሉበት። መጠኑ የሚወሰነው በጠያቂው ችግርና በሰጪው አቅም ነው። ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል።

እኔ ከፍርድ ቤት በፊት የሚሄደውን መንገድ እመርጣለሁ። ሦስትና አራት ልጆች ያሉባቸው ቤቶች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የክፋት ሳይሆን «ሌላው ይሰጣል» የሚል መተማመን ነው። ሽማግሌ ሰብስቦ፣ እያንዳንዱ በወር ስንት እንደሚሰጥ በወረቀት ጽፎ፣ በባንክ ወይም በቴሌብር በተወሰነ ቀን እንዲላክ ማድረግ ብዙ ቤት አትርፏል። ለአረጋዊት እናት «ልጄን ከሰስኩ» ከማለት በላይ የሚከብድ ነገር ጥቂት ነው። ነገር ግን ልጁ አቅም እያለው እናቱ ከተራበች መብቱ የእሷ ነው፤ ይህንንም ያለ ሐፍረት ልንነግራት ይገባል።

ገቢ ያልሆነ፣ ግን ወጪ የሚያድን

ሌላው ድጋፍ ከገቢ ጋር አይምታታ። በበዓል ዋዜማ የሚሰጥ የማዕድ ማጋራት ዘይትና ዱቄት ደስ ያሰኛል፤ የጥር ወርን ወጪ ግን አይሸፍንም። በከተማው ያሉት የተስፋ ብርሃን የምገባ ማዕከላት በነጻ ይመግባሉ፤ ብቻውን ለሚኖርና ለራሱ ለማብሰል አቅም ላጣ ሰው ይህ ትልቅ ነው።

ከሁሉ በላይ የምገፋፋችሁ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። መዋጮውን መክፈል የማይችሉ ተብለው የተለዩ ቤተሰቦች ክፍያው በመንግሥት ይሸፈንላቸዋል። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ አረጋዊ የጡረታቸው ግማሽ በፋርማሲ መስኮት ያልቃል፤ መድኑ ሲኖር በጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። በስሌት ስታዩት ከአንዳንድ የገንዘብ ድጋፍ የበለጠ ሊያተርፍ ይችላል። ምዝገባውና ዕድሳቱ በዓመት የተወሰነ ጊዜ ስላለው ያንን ወር ከወረዳው ጠይቃችሁ በቀን መቁጠሪያ ላይ አክብቡት።

ጨርሶ ሰው ለሌላቸው፣ መንገድ ላይ ለወደቁ አረጋውያን ደግሞ እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት አሉ። ይህ ግን ራሱን ለሚችል ሰው አማራጭ ሳይሆን የመጨረሻው ማረፊያ ነው።

ታዲያ ለማን የትኛው?

የሠሩ ሰው ከሆኑ፣ ትንሽም ዓመት ቢሆን፣ ጡረታውን ሳትመረምሩ ምንም አትጀምሩ። የትዳር ጓደኛቸው ወይም ጧሪ ልጃቸው በሥራ ላይ ወይም በጡረታ ላይ ሳሉ ከሞቱ የተተኪ አበሉ ይቀድማል፤ በራሳቸው ስም ሠርተው ባያውቁም። ሁለቱም ከሌሉ፣ በቤቱም መሥራት የሚችል ሰው ከሌለ፣ የሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ ነው። ለሴፍቲኔት ዙር የሚጠብቁ ደግሞ እስከዚያው ባዶ እጃቸውን አይቀመጡ፤ የጤና መድኑንና የልጆቹን ስምምነት ያስጨርሱ። ጡረታ እያለ ሳይበቃ ሲቀር መንገዶቹን ጎን ለጎን መያዝ ይቻላል፤ ጡረታው ገቢ ነው፣ መድኑ ወጪ ያቃልላል፣ የልጆቹ መዋጮ ክፍተቱን ይሞላል።

የትኛውንም በር ብትመርጡ ፋይዳን፣ ማለትም ብሔራዊውን ዲጂታል መታወቂያ፣ አስቀድሙ። ምዝገባው በነጻ ነው፤ ባንክም መሥሪያ ቤትም እየጠየቀው ነው። የጣት አሻራቸው በሥራ ብዛት የጠፋ አረጋውያን አሉና ለመመዝገብ ስትሄዱ በቂ ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ። አረጋዊው መንቀሳቀስ ካቃታቸው ደግሞ በሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበ ውክልና አዘጋጁ፤ አእምሯቸው ንቁ ሳለ፣ ሕመም ሳይጠና።

አክስቴ በመጨረሻ የተተኪ አበል ማመልከቻዋን አስገባች። ከሁለቱ አንዱ ምስክር በዚያው ሰፈር የድሮ እድሯ ዳኛ ነበሩ፤ ሁለተኛዋ ሠርጓ ላይ የነበረች ሚዜዋ። ሚዜዋ ከለቡ ድረስ በሦስት ታክሲ መጥታ፣ ጋብቻው በየትኛው ወር እንደተፈጸመ ስትጠየቅ ለአፍታ አሰበችና «ጥር ነበር፤ ጠጁ በጣም ቀዝቅዞ ነበር» አለች። አክስቴ ሳቀች። ፌስታሉን አሁን እኔ ነኝ የያዝኩት፤ ዋናውን ወረቀት ለእሷ መልሼ ቅጂዎቹን በየበሩ አስቀምጣለሁ።